ቡላ ከመኪናው ስር አልወጣም አለ

በዚህ የእንስሳት ሀኪም አምድ በዚህ ወር እንደ ወትሮው አምስት ስድስት ጥያቄ አልደረደርኩም። ባህር ዳር ሽምብጥ የምትኖር አንዲት እናት ቡላ ስለሚባል አዲስ ውሻዋ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ሦስቴ ጽፋልኝ ሦስቴም መልሼላት ነበር፣ ስሜን አያውጡት እንጂ ሌላ ሰው ቢያነበው ደስ ይለኛል ስላለችኝ እንዳለ አስቀምጬዋለሁ። እኔ የተሳሳትኩበትም ቦታ አለ፣ እሱንም አልነካሁትም። ከሱ ቀጥሎ ከዚሁ ጉዳይ ጋር የምትሄድ አንድ አጭር ጥያቄ አለች።

ጥያቄ፣ ሰኔ 24

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የሦስት ልጆች እናት ነኝ፣ ሽምብጥ ነው የምንኖረው፣ ግቢያችን ሰፋ ያለ ነው። ባለፈው ሳምንት የባለቤቴ ጓደኛ ጋራዡን ዘግቶ ወደ ሀዋሳ ሲሄድ ውሻውን ለኛ ሰጠን። ቡላ ይባላል፣ ያበሻ ውሻ ነው፣ አራት ዓመት ይሆነዋል አሉን። ጋራዡ ከአባይ ማዶ ወደ ዘንዘልማ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር፣ እዛ ቀን በሰንሰለት ታስሮ ማታ ተፈትቶ ነው ያደገው። ልጆቹ ደስታቸው ለጉድ ነበር፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሊያየው መጣ፣ ስሙንም ቀይረው ሜሲ ሊሉት ተስማምተዋል። እሱ ግን ግቢ ውስጥ የቆመች የባለቤቴ መኪና አለች (ሁለት ዓመት ሆናት ስለሷ አታንሱብኝ) ገና ሲገባ እሷ ስር ገባ በቃ አልወጣም። ሁለት ቀን ሙሉ እህል አልቀመሰም፣ ውሃ ግን ሰው ሲተኛ ይጠጣል መሰለኝ ጠዋት ጎድሎ እናገኘዋለን። ትልቁ ልጄ ከስጋ ቤት ቅንጥብጣቢ ለምኖ አምጥቶ ሊያባብለው ሞከረ፣ ትንሿ ደግሞ በሆዷ ተኝታ እየተንፏቀቀች ገብታ ልትዳብሰው ስትል ጥርሱን አሳያት። ባለቤቴ ጎትቼ ነው የማወጣው ይላል። አማቴ እማሆይ መጀመሪያውኑም አልፈለጉም ነበር፣ «ቤት እንዳይገባ» ብለው ነው የተቀበሉት፣ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጥጣቸውን ይፈትላሉ ዞር ብለውም አያዩትም። ጎረቤቴ ደግሞ «ያበደ ውሻ ነው ጨለማ የሚወደው» ብላ አስፈራራችኝና ልጆች ስላሉኝ እንቅልፍ አጣሁ። ይሄ ውሻ ይለምዳል ወይስ ለሌላ ሰው እንስጠው?

መልስ

እህቴ፣ መጀመሪያ እንቅልፍ የነሳሽን ነገር እናንሳ። የእብድ ውሻ በሽታ የያዘው ውሻ ጉሮሮው ስለሚሽመደመድ ምራቁን እንኳን መዋጥ ያቅተዋል፣ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ ድምፁ ይቀየራል፣ እንጨት ድንጋይ ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል ወይ ደግሞ መንጋጋው ተንጠልጥሎ ይፈዝዛል፣ ምልክቱ ከጀመረው በኋላም አይቆይም፣ አብዛኛውን ጊዜ 10 ቀን ሳይሞላው ይሞታል። ቡላ አዲስ ቤት በገባ ቀን ተደብቆ ማታ ማታ እየወጣ ውሃ የሚጠጣ ውሻ ነው፣ ይሄ የፈራ ውሻ እንጂ ያበደ አይመስልም። ያም ሆኖ የክትባት ካርድ አብሮት መጥቷል ወይ? ካልመጣ «ተከትቧል» የሚለውን ወሬ ተዪውና እንዳልተከተበ ቁጠሪው። ክትባቱ በየዓመቱ ነው፣ ትንሽ ሲረጋጋ ውሰዱት ወይ የእንስሳት ሀኪም ግቢያችሁ ድረስ ጥሩ። እስከዛ ማንንም ቢነክስ ወይ ቢቧጭር ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ ነው፣ ሰዓት እያያችሁ፣ 15 ደቂቃ ከምታስቢው በላይ ረጅም ነው። ከዛ በዛው ቀን ጤና ጣቢያ። ውሻውን ደግሞ መግደል ሳይሆን አስሮ 10 ቀን ማየት። ጠበል መሄድ የፈለገ ይሂድ እኔም እሄዳለሁ፣ ግን መርፌው ይቀድማል፣ ምክንያቱም ምልክቱ ሰው ላይ አንዴ ከታየ የሚያድን መድሃኒት የለም።

አሁን ወደ መኪናዋ (ይቅርታ ማንሳቴ አልቀረም)። ደብዳቤሽን ሳነብ የሳቅኩት እዛ ጋ ነው። ግቢያችሁ ሰፊ ነው ብለሻል፣ ጥግ አይጠፋም፣ ታዲያ ለምን መኪና ስር? ቡላ እኮ የጋራዥ ልጅ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ሲያሸት የኖረው ጎማ፣ ግሪስ፣ ናፍጣና የተቃጠለ ዘይት ነው። የሚያውቀው ሰው ጠፋ፣ የሚያውቀው በር ጠፋ፣ እናንተ ግቢ ውስጥ የድሮ ቤቱን የሚሸት አንድ ነገር ብቻ አገኘ። እኛ ቤት ስንቀይር ግድግዳውን ነው የምናየው፣ ውሻ ቤቱን በአፍንጫው ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ባለቤትሽ እንዳይጎትተው፣ መኪናዋንም ለጊዜው ማንም እንዳይነካት። ሁለት ዓመት የቆመች ሦስት ወር ብትጨመር ምን ትሆናለች።

አለመብላቱ ኩርፊያ አይደለም። ውሻና ምራቅ ሲባል ሁሉም የሚያነሳው ፓቭሎቭ በፈረንጆች 1904 ኖቤል የተሸለመው በምግብ መፈጨት ጥናቱ ነበር፣ ደብረ ዘይት የእንስሳት ህክምና ስማር ከሱ ነገር አእምሮዬ ላይ የቀረው የውሻው ደወል ሳይሆን ምራቅም የሆድ አሲድም ከጭንቅላት እየታዘዙ የሚመጡ መሆናቸው ነው። የፈራ እንስሳ አፉ ይደርቃል ሆዱም ይዘጋል፣ ስጋ ብታቀርቢለትም ለሱ ያኔ ስጋ አይደለም። ጤነኛ የሆነ አዋቂ ውሻ ሁለት ሦስት ቀን ባይበላ አይሞትም። ውሃ አንድ ሙሉ ቀን ካልነካ፣ ወይ ካስመለሰውና ካስቀመጠው ግን ያኔ ሳትውይ ሳታድሪ ለሀኪም።

ምን እናድርግ ላልሽው፣ ምንም። የምሬን ነው፣ ስድስት ሰው ባለበት ቤት ምንም አለማድረግ ትልቅ ስራ ነው። የሰፈር ልጅ እየመጣ ማየቱ ዛሬውኑ ይቁም። ልጆቹ ክረምት ስለሆነ ቤት ናቸው፣ ከመኪናዋ አራት አምስት ሜትር ርቀው ጎናቸውን ሰጥተው ተቀምጠው ያንብቡ፣ ካርታ ይጫወቱ፣ ግን አይዩት፣ አይጥሩት፣ ቪዲዮ አይቅረጹት። ፊት ለፊት መጥቶ ጎንበስ ብሎ አይን አይኑን እያየ እጁን የሚዘረጋ ፍጥረት በውሻ ቋንቋ ጠብ ፈልጎ የመጣ ነው። ትንሿ ልጅሽ ደግሞ ጉድጓዱ ድረስ ገባችበት፣ እሱም በጨዋነት ጥርሱን ብቻ አሳይቶ መለሳት፣ እኔ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ሳይርበው ከንፈሩን ሲልስ፣ እንቅልፍ ሳይመጣ ሲያዛጋ፣ ፊቱን አዙሮ የአይኑ ነጭ ብቻ ሲታይ ካያችሁ «ራቁልኝ» እያለ ነው፣ ራቁለት።

ምግቡን አንቺ ብቻ ስጪው፣ በአንድ ሳህን፣ ጠዋትና ማታ በአንድ ሰዓት፣ አስቀምጠሽ ሂጂ። የሚያበላውን ሰው ነው የሚለምደው። ሰኔ ጾም ላይ ናችሁ፣ ቡላ ግን አይጾምም። የሽሮ ፍርፋሪ የምትሰጡት ከሆነ ተዉት፣ የኛ ወጥ ሁሉ በሽንኩርት ነው የሚጀምረው፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፣ አንድ ቀን ጎርሶ አይወድቅም ግን በየቀኑ ሲሆን ደም ያንሰዋል። የበቆሎ ገንፎ ጨውና በርበሬ ሳይገባበት፣ ላዩ ላይ የተቀቀለ ቅንጥብጣቢ ከነመረቁ። ለጣና ሰው አሳ ብርቅ አይደለም፣ የቀረሶ ወይ የአምባዛ ጭንቅላት ቀቅለሽ አጥንቱን ለቅመሽ ማለት ነው። የዶሮ አጥንት አይሆንም፣ ሲበስል እንደ መርፌ ነው የሚሰነጠረው። ጉበትና ሳንባ ከስጋ ቤት ካመጣችሁ ጥሬውን በፍጹም፣ በግና ከብት ሳንባ ላይ የምታዪው ውሃ የቋጠረ ከረጢት ውሻ ሆድ ውስጥ ገብቶ ትል ይሆናል፣ ከውሻው አይነምድር ደግሞ ተመልሶ ወደ ልጆችሽ እጅ ይመጣና ሰው ጉበት ላይ ያንኑ ከረጢት ይሰራል። በደንብ መቀቀል ይበቃል።

ስሙን ግን አትቀይሩበት። ሜሲ ጥሩ ስም ነው፣ ለሚቀጥለው ድመት አስቀምጡት። ሰውየው ሄደ ጋራዡ ተዘጋ፣ አብሮት የመጣው ስሙ ብቻ ነው።

መቼ ይለምዳል ላልሽው፣ ቤት አልባ ውሾችን ለሰው የሚሰጡ ሰዎች ሦስት ቀን፣ ሦስት ሳምንት፣ ሦስት ወር የሚሏት ነገር አለቻቸው፣ ሦስት ቀን ድንጋጤው እስኪወጣለት፣ ሦስት ሳምንት የቤቱን ሰዓት እስኪያውቅ፣ ሦስት ወር ቤቴ ነው እስኪል። ህግ አይደለችም፣ እንደ አየር ትንበያ ውሰጂያት።

ጥያቄ፣ ሐምሌ 20

ዶክተር እግዜር ይስጥልኝ፣ ያሉኝን አድርጌ በዘጠነኛው ቀን ማታ ወጣ! አሁን በደንብ ይበላል፣ ክትባቱንም ተከትቧል፣ እኔ ወደ ኩሽና ስሄድ ራቅ ብሎ ይከተለኛል፣ ስሙን ስጠራው ጆሮውን ያቆማል። ግን ደስታዬ አልቆየም። ባለፈው ሳምንት ከሰል የጫነ ባጃጅ ሊገባ በር ሲከፈት ሾልኮ ወጣ። ዝናብ ነበር፣ ሌሊቱን ሙሉ ያ ነጎድጓድ፣ ልጆቹ ሲያለቅሱ አደሩ። በሁለተኛው ቀን የት የተገኘ ይመስልዎታል፣ ከአባይ ማዶ፣ ያ የተዘጋው ጋራዥ በር ላይ ተኝቶ! ያን ሁሉ መኪና እያለ ድልድዩን በእግሩ ተሻግሮ። ባለቤቴ በባጃጅ አመጣውና በሰንሰለት አሰረው፣ ከዛ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ይጮሃል ጎረቤት ተማሯል። ከትላንት ወዲያ መካከለኛው ልጄ በሳህኑ አጠገብ ሲያልፍ ጉርርር አለበት፣ ባለቤቴ አይቶ በጫማው መታው። ከዛ በኋላ ባለቤቴን ሲያይ መሬት ላይ ይለጠፋል። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ የኩሽናውን በር በጥፍሩ ይቆፍራል። እንፍታው ወይስ እንሰረው? ነካሽ ሊሆን ነው? ልጆቹ ደግሞ ጣና ወስደን እንጠበው ይላሉ፣ ይሸታል።

መልስ

እህቴ፣ በሩ የኔ ጥፋት ነው። አዲስ የመጣ ውሻ ባለበት ግቢ በር እንዴት እንደሚከፈት በመጀመሪያው መልሴ ላይ መጻፍ ነበረብኝ፣ ስለ ሽንኩርት ስለፈልፍ ዘለልኩት። የመጀመሪያ ወራት ላይ በር የሚከፍት ሰው መጀመሪያ ውሻው የት እንዳለ ያያል፣ ባጃጅ ወይ ጋሪ የሚገባ ከሆነ ውሻው ቀድሞ ኩሽና ወይ ጓዳ ይዘጋበታል። አንገቱ ላይ ቀበቶ አድርጉለት፣ ላዩ ላይ ስልካችሁን ጻፉበት። ቀበቶ የሌለው ውሻ ለሰፈሩ ሰው ባለቤት የሌለው ውሻ ነው፣ ድንጋይም መርዝም የሚቀድመው እሱን ነው።

መመለሱ ግን ክፋት አይደለም። ውሻ በበላበት ይጮሃል ይባላል፣ እውነት ነው፣ ግን አራት ዓመት የበላበትና አራት ሳምንት የበላበት እኩል አይደለም። ግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ነው፣ በዛ ዝናብ በዛ የመኪና ግርግር መሀል ያን ተሻግሮ የተዘጋ በር ላይ የተኛ እንስሳ ታማኝነት አጥቶ አይደለም፣ ታማኝነቱን ገና አላዛወረውም እንጂ። ሲመጣ አለመቆጣታችሁ ነው ዋናው (ባለቤትሽ በባጃጅ ሲያመጣው ምን ምን እንዳለው አልጠይቅም)።

ሰንሰለቱን በተመለከተ አቋሜ የታወቀ ነው፣ አልወደውም። ቀን ሙሉ የታሰረ ውሻ መሸሽ አይችልም፣ መሸሽ ያልቻለ እንስሳ ደግሞ የቀረው አማራጭ ጥርሱ ነው፣ እኛ «ውሻው ኃይለኛ እንዲሆን እሰረው» የምንለው ነገር የፈራ ውሻ ማምረቻ ነው። ማሰር ግድ ከሆነ ከመኪናዋ እስከ በረንዳው ጠንካራ ሽቦ ከፍ አድርጋችሁ ወጥሩና ቀለበት አስገብታችሁ ማሰሪያውን ቀለበቱ ላይ እሰሩት፣ እንዲህ ሲሆን ግቢውን ከዳር ዳር ይንሸራሸራል፣ ጥላም ውሃም ይደርሳል፣ ሲፈልግ መኪናው ስር ይገባል። ሽቦው በሰው ወገብ ልክ እንዳይሆን፣ ልጅ ሲሮጥ ይቀላዋል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ መንገድ ላይ ሰው ሳይበዛ በማሰሪያ ይዛችሁት ውጡ፣ 20 ደቂቃ ይበቃል፣ ሰፈሩን ያሽተው፣ የሚመለስበትን በር ይወቀው፣ እናንተ ሰፈር ከሀይቁ ስለማይርቅ ደስ የሚል መንገድ አላችሁ።

ጉርርታውን በተመለከተ እስቲ ባለቤትሽም ያንብበው። ውሻ ሲያጉረመርም እየተሳደበ አይደለም፣ እያስጠነቀቀ ነው፣ ለሱ ይሄ ጥሩ ጠባይ ነው። በጫማ ስትመታው የሚማረው «ልጁ ሲቀርብ አልጣላ» የሚል ነገር አይደለም፣ የሚማረው «ስናገር ያመኛል» የሚል ነው። ከዛ በኋላ ዝም ይላል፣ እናንተም ተማረ ትላላችሁ፣ አንድ ቀን ግን ምንም ድምፅ ሳያሰማ ይነክሳል። «ሳያጉረመርም ነከሰኝ» ብሎ ክሊኒክ የመጣን ሰው ሁሉ ስለ ቤቱ ጠይቄ አውቃለሁ፣ አብዛኛው ጊዜ ጉርርታውን ቀድሞ በዱላ ያወጣለት ሰው አለ። ይልቅ የሳህኑን ቦታ ከመተላለፊያ አንሱና ጥግ አድርጉት፣ ሲበላ ማንም አይለፍ። ሳምንት ካለፈ በኋላ አንቺ ራቅ ብለሽ ስታልፊ ከሳህኑ የተሻለ ነገር፣ አንድ ቁራጭ ስጋ ምናምን፣ ወርወር አድርገሽለት ሳትቆሚ እለፊ። በየቀኑ ግማሽ እርምጃ ቅረቢ። እጅ ወደ ሳህኑ ሲመጣ ሊወስድ ሳይሆን ሊጨምር እንደሆነ ይገባዋል፣ ከዛ ጭራውን እየቆላ ይጠብቅሻል። ልጆቹ ይሄን ለብቻቸው እንዳይሞክሩ፣ ትልቁ ብቻ፣ እሱም አንቺ ቆመሽ።

ነጎድጓዱ፣ እኛ የምንሰማው ድምፅ እስከ 20,000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) ነው፣ ውሻ ከዛ ሁለት እጥፍ በላይ ይሰማል። ባህር ዳር ሐምሌና ነሐሴ ቆርቆሮ ጣራ ስር ላለ ውሻ ምን እንደሚመስል አስቢው። በሩን የሚቆፍረው ሊያበላሽ አይደለም፣ ጠባብና ጨለማ ቦታ ፈልጎ ነው። ኩሽና ውስጥ ጥግ ላይ ጆንያ አንጥፉለትና ደመናው ሲጠቁር በሩን ክፈቱለት፣ እማሆይ «ቤት እንዳይገባ» ያሉት ኩሽናን አይጨምርም ብለሽ ተከራከሪልኝ። ሲፈራ ማባበል ያቀብጠዋል የሚሉሽን አትስሚ፣ ፍርሃት በመባበል አይጨምርም፣ መጥቶ ከተጠጋሽ አስጠጊው። ካልመጣም አትጥሪው።

ጣና ወስዶ ማጠቡ ይቅር። ውሻው ላይ አይደለም የማስበው፣ ልጆቹ ላይ ነው፣ ሀይቁ ዳር ሳር ውስጥ ያለው ትንሽ ቀንድ አውጣ ቢልሃርዝያ ይይዛል፣ ውሃው ውስጥ ጉልበት ድረስ መግባት ብቻ በቂ ነው። ቤት ሞቅ ባለ ውሃ፣ ዝናብ በሌለበት ቀን፣ አንዴ። ገና እጃችሁን ሳይለምድ አስገድዳችሁ ከምታጥቡት ግን ሁለት ወር ቢሸት ይሻለኛል። የጋራዥ ሽታ ነው፣ አያገማም ደግሞ።

ጥያቄ፣ ጥቅምት 12

ዶክተር አሁን ለክፉ አይደለም የጻፍኩት። በር ላይ ያሉኝን አደረግን፣ ሽቦውንም ባለቤቴ ወጠረ፣ ከመስከረም ወዲህ ግን ሽቦውም አላስፈለገም። ከአባይ ማዶ ተመልሶ አልሄደም። ከመካከለኛው ልጄ ጋር ግቢው ውስጥ ይሯሯጣሉ፣ ትንሿን ይወዳታል ግን አንገቱን ስታቅፈው አሁንም ፊቱን ያዞራል። መስከረም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው በር ሲያንኳኳ ጮኸ፣ ባለቤቴ የሆነ ሽልማት ያገኘ ነው የመሰለው። ደመራ ቀን ርችቱ ሲጀምር ራሱ ሄዶ ኩሽና ገብቶ ተኛ።

አሁን ይሄን ልንገርዎትና ይሳቁ። የሚወደው ማንን ይመስልዎታል? እማሆይን! ነሐሴ መጀመሪያ አካባቢ ከመኪናዋ ስር ወጥቶ በረንዳው ደረጃ ላይ ተኛ፣ ከዛ አንድ ደረጃ ወጣ፣ ከዛ ሌላ፣ አሁን እንዝርታቸው ስር ነው የሚውለው። ፍልሰታ ላይ ቅዳሴ ሲሄዱ ተከትሏቸው ሄደ፣ ግቢ አይገባም፣ ቅጥሩ በር ላይ ከሌሎቹ ውሾች ጋር ተኝቶ ይጠብቃቸዋል፣ ሲወጡ ተነስቶ ከኋላቸው ይመጣል። እሳቸው አንድ ቀን ነክተውት አያውቁም፣ ስሙንም ጠርተውት አያውቁም፣ «ያ ውሻ» ነው የሚሉት፣ ምግብም ሰጥተውት አያውቁም። እኔ አራት ወር ገንፎ ያገነፋሁት ሴትዮ ምን ልሁን? ሌላው፣ ባለቤቴ መኪናዋን ገዢ አግኝቶላታል (እሰይ!) ግን ቡላ አሁንም ማታ ማታ እሷ ስር ነው የሚተኛው፣ ሲወስዷት ምን ይሆናል? ደግሞ ባለቤቴ ጫማውን ሲያወልቅ አሁንም ተነስቶ ይሄዳል፣ እሱ ሆዬ ቅር ይለዋል።

መልስ

እህቴ፣ ሳቅኩ፣ አንቺ ላይ ሳይሆን እኔ ላይ። «የሚያበላውን ሰው ነው የሚለምደው» ብዬ በእርግጠኝነት ጽፌልሽ ነበር እኮ፣ ወደ ኋላ ተመልሼ ሳነበው አፈርኩ። ያበላሽውን ውሻ አተረፍሽው፣ ያ ያንቺ ነው። ግን እማሆይ ያደረጉትን አስቢው። የመጣ ቀን ቤቱ ሁሉ፣ ሰፈሩ ሁሉ፣ አንገቱን አጎንብሶ ወደ መኪናው ስር ሲያይ እሳቸው ብቻ ጎናቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል፣ አይናቸው እንዝርቱ ላይ ነው፣ እጃቸው ስራ ይዟል፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ የጸሎት ድምፅ ነው፣ በየቀኑ በአንድ ሰዓት አንድ ቦታ። እኔ ሁለት ገጽ ሙሉ «ምንም አታድርጉ» ብዬ የለፈለፍኩትን እሳቸው ሳያነቡት ውሻውን ስላልፈለጉት ብቻ ከማናችሁም በላይ አደረጉት። አሁን ደግሞ ውደዱት ብላችሁ እንዳትለምኗቸው፣ ሁለቱም በተስማሙበት ይኑሩ።

ባለቤትሽ ቅር ከሚለው ለአንድ ወር የማታውን ሳህን እሱ ያቅርብ፣ ሳይናገር፣ አስቀምጦ ዞር ይበል። ጫማውን ደግሞ ቤት ውስጥ ገብቶ ያውልቅ። ውሻ ቂም አይዝም ሲሉ እሰማለሁ፣ ቂሙን አላውቅም፣ ጫማዋን ግን ያስታውሳታል። ትንሿን አንገት ማቀፍ ይቅርብሽ በያት፣ ለኛ ፍቅር ነው ለሱ መያዝ ነው፣ ደረቱን በጎን እያከከች ካቆመች በኋላ መልሶ ከተጠጋት ትቀጥል፣ ካልተጠጋት በቅቶታል። ይሄን ጨዋታ አድርጊላት ትወደዋለች።

መኪናዋን ሽጧት፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። ግን ገዢው ከመምጣቱ በፊት አንድ አሮጌ ጎማ አስቀሩ፣ ትርፍ ጎማዋም ይሆናል ዋጋው ላይ ትከራከራላችሁ። ኩሽና ውስጥ ያለችውን ጆንያ አንስታችሁ ለአንድ ሳምንት ያህል መኪናዋ ስር እሱ የሚተኛበት ላይ አንጥፉ። መኪናዋ በምትወጣበት ቀን ከግቢ ይውጣ፣ ከመካከለኛው ልጅ ጋር ረዘም ያለ መንገድ ይሂድ፣ ሲጎተት አይይ። ሲመለስ ጎማው እዛው ቦታ፣ ጆንያው ጎማው አጠገብ፣ ላዩ ላይ ቆርቆሮ ወይ ሸራ ነገር ለዝናብ። የመጀመሪያ ቀን ሁለት ቀን ቦታውን እየዞረ ያሸታል፣ ምግብ ሊቀንስ ይችላል፣ በሩን ብቻ ጠብቁ። እማሆይ በረንዳ ላይ ከዋሉ ብዙም አልሰጋም። የትል መድሃኒት በየሦስት ወሩ ነው፣ ከክትባቱ ጋር ተሰጥቶት ከነበረም አሁን ደርሷል፣ ክትባቱ ሐምሌ ላይ ይታደሳል፣ ካርዱን ከልጆቹ ካርድ ጋር አብረሽ አስቀምጪው አይጠፋም።

ጥያቄ፣ ከግሽ አባይ ሰፈር

ዶክተር እኔ ደግሞ በተቃራኒው ነኝ። ስራ ደብረ ማርቆስ ቀይረውኝ የተከራየሁት ቤት ውሻ አይቀበልም፣ ስድስት ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት ውሻ አለችኝ ሚሚ የምትባል። የሚወስዳት ጥሩ ቤተሰብ እዚሁ ባህር ዳር አግኝቻለሁ። ሳትጎዳ እንዴት ልስጣት? ከሰጠኋት በኋላስ እየመጣሁ ባያት ይከፋታል?

መልስ

ወንድሜ፣ ቶሎ ማሰብህ ጥሩ ነው። ብዙ ሰው ውሻውን የሚሰጠው እቃው መኪና ላይ ከተጫነ በኋላ ነው፣ «ጥሩ ውሻ ናት» ከሚል ቃል ጋር ብቻ። ከመሄድህ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድመህ ሰዎቹ አንተ ቤት ይምጡ፣ ቡና ጠጡ፣ ሚሚን አይጥሯት፣ እሷ ታሽትታቸው። ከዛ አንድ ቀን አንተ ራስህ ይዘሃት ወደነሱ ቤት ሂድ፣ ግቢውን ዙራችሁ ተመለሱ። ይሄን ሁለት ጊዜ ብታደርግ ቡላ ዘጠኝ ቀን የፈጀበትን ነገር ሚሚ ምናልባት በሁለት ቀን ትጨርሰዋለች።

ወረቀት ላይ ጻፍላቸው፣ በቃል አይሆንም ሰው ይረሳል። ስንት ሰዓት እንደምትበላና ምን እንደምትበላ፣ ስትጠራት የምትለው ቃል፣ «ተቀመጪ» ነው የምትለው ወይ «ቁጭ»፣ ምን እንደምትፈራ፣ ዱላ ነው ዣንጥላ ነው ወይስ ልጅ፣ የት ብትነካ እንደማትወድ። ነክሳ ታውቅ እንደሆነ እውነቱን ጻፍ፣ ብትጽፍ አይወስዷትም ብለህ ሳይሆን ብትደብቅ ይመልሷታል ብለህ አስብ። የክትባት ካርዷ፣ ወልዳ ታውቅ እንደሆነ፣ መጨረሻ ወንድ የፈለገችበት ወር። ሴት ስለሆነች አዲስ ቤት ገብታ ወንድ ብትፈልግ ያንን ግቢ የሰፈሩ ወንድ ውሻ ሁሉ ይከበዋል፣ የማምከን ነገር የሚሰራ ሀኪም ካገኘህ ከመስጠትህ በፊት ጨርሰው፣ ቁስሉ አንተ ቤት ይዳን።

እየመጣህ ማየቱን በተመለከተ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወር አትምጣ። ጨካኝ ሆኜ አይደለም፣ ስትመጣ ደስ ይላታል፣ ስትሄድ ደግሞ ከዜሮ ትጀምራለች፣ በር ላይ የምትቀመጠውም እሷ ናት አንተ አይደለህም። በቴሌግራም ፎቶ ይላኩልህ። ከዛ በኋላ ብትመጣ እየዘለለች ትቀበልሃለች፣ ስትሄድ ደግሞ ወደነሱ ተመልሳ ትተኛለች፣ ያኔ ትንሽ ሊከፋህ የሚችለው አንተ ነህ።

ሳህኗንም ማሰሪያዋንም ስጣቸው። የምትተኛበት ብርድ ልብስ ካላት እሱንም አብረህ ላክ፣ ባለቤቶቹ እንዳያፍሩብኝ ብለህ ግን እንዳታጥበው።